ጎንግን ከመምታታችሁ በፊት፦ ዓይነቱን ከመለየት እስከ ድምፁን ማፈን

መጀመሪያ ጎንግ ፊት የቆምኩ ቀን የሠራሁት ሥራ ዛሬም ያሳፍረኛል። ጎንጉ ትልቅ ነበር፤ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አጠገቡ የተቀመጠውን ድቡልቡል መምቻ ትቼ የከበሮ ዱላ አነሳሁ። መሃሉን አነጣጥሬ ባለ በሌለ ኃይሌ አቀመስኩት። የጠበቅኩት ፊልም ላይ የምንሰማውን ዓይነት፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያስተጋባ ድምፅ ነበር። የወጣው ግን የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ነው። ባለቤቱ ዱላውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጎንግ ነዋ።»

«የትኛው ጎንግ?»

መልስ አልነበረኝም። ለኔ ጎንግ ጎንግ ነው፤ ክብ ነሐስ፣ ይሰቀላል፣ ይመታል፣ አለቀ። ኋላ እንደገባኝ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው። የቱ ጋ እንደምትመቱት፣ በምን እንደምትመቱት፣ እንዴት እንደምትይዙት፣ ድምፁን እንዴት እንደምታቆሙት የሚወስነው ዓይነቱ ነው። አንዱ መሃሉን ካልተመታ አይዘፍንም። ሌላው መሃሉን ከተመታ ያኮርፋል።

ስለዚህ መምቻውን ለጊዜው አስቀምጡት። መጀመሪያ በደንብ እንየው።

1. ዓይነቱን ለዩ

ፊት ለፊቱ ቁሙና ሁለት ነገር ፈልጉ። መሃሉ ላይ ጉብታ አለ? ጠርዙስ ወደ ኋላ ታጥፏል ወይስ እስከ ዳር ዝርግ ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሥራውን ግማሽ ይጨርሱላችኋል።

ጉብታ ከሌለው፣ ጠርዙ ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ከታጠፈ፣ ፊታችሁ ያለው ታም-ታም ሳይሆን አይቀርም። የቻይናው ስሙ ቻው ሉዎ ነው። መልኩ አያሳስትም፤ መሃሉና ዳሩ ጥቁር ሆኖ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ቀለበት ተፍቆ ያበራል። ጥቁሩ ቀለም አይደለም፤ ነሐሱ እሳት ውስጥ ሲገባ የያዘው ልባስ ነው። ከእጅ መዳፍ ብዙም ከማይበልጡት ጀምሮ እስከ 2 ሜትር ስፋት ያላቸው አሉ። ታም-ታም አንድ የተለየ ቃና የለውም። «ይሄ ዶ ነው፣ ይሄ ሬ ነው» አትሉትም። የሚሰጠው ማዕበል ነው፤ ከሥር ወፍራም ጉርምርምታ ይነሳና ቀስ እያለ ወደ ፉጨትና ወደ ፏፏቴ ይለወጣል።

የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች የወሰዱት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ፓሪስ ውስጥ ለፖለቲከኛው ሚራቦ ቀብር በተሰማው የፍራንሷ ጎሴክ የሐዘን ማርሽ ላይ ታም-ታም ተመቷል፤ በአውሮፓ ኦርኬስትራ ታሪክ እንደ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ኖታ የምታነቡ ከሆነ ልዩነቱን ያዙ። «ታም-ታም» ከተባለ ቃና የሌለው ዝርጉ ነው። «ጎንግ» ተብሎ ከአጠገቡ ኖታ ከተጻፈ ባለ ጉብታው፣ ቃና ያለው ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉም ተጠንቀቁ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በተለምዶ «ታም-ታም» የሚሉት የእጅ ከበሮን ጭምር ነው። እኔ አንዴ ሦስት ቀን ሙሉ ከበሮ ሳይ ከርሜያለሁ።

ጉብታም የታጠፈ ጠርዝም ከሌለው የነፋስ ጎንግ ነው፤ በቻይንኛ ፌንግ ሉዎ። ሳሳ ያለ ነው። ሲመቱት ቶሎ ይፈነዳል፣ እንደ ታም-ታም አያስጠብቅም። የሮክ ከበሮ መቺዎች ከጀርባቸው የሚሰቅሉት ብዙ ጊዜ ይህን ወይም ታም-ታምን ነው።

ትናንሾቹ የቻይና ኦፔራ ጎንጎች የራሳቸው ዓለም አላቸው። ትልቁ ዳሉዎ ወደ 30 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ሲመታ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። ትንሹ ሺያውሉዎ 22 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የሱ ድምፅ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። በጽሑፍ ማስረዳት ይከብዳል፤ አንዴ ከሰማችሁት ግን አትረሱትም። አንዱ «ዷዋው» ሲል ሌላው ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው «ታይ?» ይላል። በቤጂንግ ኦፔራ ትልቁ ለጦር አዛዡና ለከባድ ትዕይንት፣ ትንሹ በብዛት ለሴት ገጸ ባሕርያትና ለቀለል ያለው ሚና ይመታል። መድረኩን ሳታዩ ማን እንደገባ በጆሯችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ባለ ጉብታዎቹ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ መንግሥት ይኸ ነው። «ጎንግ» የሚለው ቃል ራሱ ከማላይኛና ከጃቫኛ የመጣ ነው፤ ድምፁን ሰምተው ያወጡለት ስም መሆኑ ግልጽ ነው። ባለ ጉብታ ጎንግ ጎኑ ጥልቅ ነው፤ እንደ ድስት ወደ ኋላ ይጎደጉዳል። ጉብታውን ስትመቱት አንድ ጥርት ያለ ቃና ይሰጣል።

የቤተሰቡ አባወራ የጃቫው ጎንግ አገንግ ነው። ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ ጋምላን በሚባለው፣ አብዛኞቹ መሣሪያዎቹ የሚመቱ ነሐሶች በሆኑበት የጃቫ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ፣ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ጀርባ ተሰቅሎ ይቀመጣል። ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ሲመቱ እሱ ዝም ይላል። ትልቁ ዙር ሲዘጋ ብቻ አንድ ጊዜ ይናገራል። ዙሩ ራሱ ስሙን የወሰደው ከሱ ነው፤ ጎንጋን ይባላል። ጥሩ ጎንግ አገንግ ሲመታ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን መወዛወዝ ኦምባክ ይሉታል፤ ማዕበል ማለት ነው። ጃቫ ውስጥ የጋምላን ስብስብ ብዙ ጊዜ የራሱ መጠሪያ አለው፤ ከፊቱም «ክያይ» የሚል የአክብሮት ማዕረግ ይገባል። በመሣሪያዎቹ ላይ ተራምዶ መሄድ ነውር ነው። የመለማመድ ዕድል ካገኛችሁ ጫማችሁን አውልቁና ዞራችሁ እለፉ። ዩኔስኮ ጋምላንን በ2021 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ባለ ጉብታዎቹ ተደርድረውም ይመታሉ። በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በማጊንዳናውና በማራናው ሕዝቦች ዘንድ፣ ኩሊንታንግ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ትናንሽ ጎንጎች በእንጨት ላይ በተወጠረ ገመድ ይደረደራሉ። አብረውት የሚሰቀሉት አራቱ ጋንዲንጋኖች «ተናጋሪ ጎንጎች» የሚል ስም አላቸው፤ የንግግርን ዜማ እየኮረጁ መልእክት ይላክባቸው ነበርና። በታይላንድ ደግሞ ኮንግ ዎንግ ያይ አለ፤ 16 ጎንጎች በክብ መደገፊያ ላይ ይደረደሩና ተጫዋቹ መሃላቸው ይቀመጣል። ታናሹ ኮንግ ዎንግ ሌክ 18 ጎንጎች አሉት።

ቬትናም መካከለኛ ደጋዎች ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አንድ ሰው አንድ ጎንግ ብቻ ይይዛል። ዜማው የሚፈጠረው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲመታ ነው፤ አንዱ ከቀረ ዜማው ቀዳዳ ያበጃል። ባለ ጉብታውን ኮንግ፣ ዝርጉን ቺየንግ ይሉታል። ይህ ባህል በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ታውጇል። በሰሜን ፊሊፒንስ ተራሮች ያለው ጋንግሳም ዝርግ ነው፤ ቁጭ ብለው ጭናቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ይመቱታል፣ ወይም እየጨፈሩ በዱላ።

ኮሪያ ሁለት አላት፤ ትልቁ ጂንግና ትንሹ ክዌንግጓሪ። ጂንግ ለስላሳ ነው፣ ነፋስን ይወክላል ይላሉ። ክዌንግጓሪ የመብረቅ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ ከተመታ ጆሮ ይበጥሳል።

ክብ ያልሆነም አለ። የበርማው ቺዚ ዝርግ ሰሌዳ ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ወደ ሁለት ጫፍ ይጠማዘዛል። በገመድ ተሰቅሎ ጫፉን ሲመቱት ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ድምፁ እየቀረበና እየራቀ ይሄዳል።

2. ከመግዛታችሁ በፊት ፈትሹት

በመጀመሪያ ማዕድኑን ጠይቁ። ጥሩ የሚባለው የቻይና ጎንግ በብዛት ከ100 እጅ 80 መዳብ፣ 20 ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን አይደለም፤ ከመዳብ ጋር የሚቀልጠውን ነጭ ማዕድን ነው። የኮሪያዎቹ ቆርቆሮውን ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ 22 ያደርሱታል። ይህን ያህል ቆርቆሮ ያለው ነሐስ ድምፁ ረጅም ነው፤ ግን ግትር ነው፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ጎንግ ሠሪዎች በጋለበት የሚቀጠቅጡት፤ በየመሃሉ እሳት ይመልሱታል። በመጨረሻም እንደጋለ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። ቢላ የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። ብረት እንዲህ ሲነከር ይጠነክራል፤ ይህ ነሐስ ግን ይለሰልሳል፣ መቀጥቀጥም መቃኘትም የሚቻለው ያኔ ነው። በጃቫ ጎንግ መሥራት በጣም የሚከበር ሥራ ስለነበር አንጥረኞቹ እሳቱ ፊት ሲቀርቡ የተረት ጀግናውን የልዑል ፓንጂንና የባልንጀሮቹን ስም ይወስዱ ነበር።

ከናስ ወይም ከተራ ብረት የተሠራም ይሸጣል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ድምፁም አብሮ። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ደግሞ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ይጠቀማሉ፤ የስዊዘርላንዱ ፓይስቴ ሲምፎኒክ ጎንጎች እንዲህ ናቸው። እሱ መጥፎ አይደለም፣ ጸባዩ ብቻ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ጎንጉን በገመዱ አንጠልጥሉት። መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የተሰማ ጎንግ አልተሰማም። በጣታችሁ አንጓ ጠርዙ አካባቢ ዙሪያውን ኳ፣ ኳ እያደረጋችሁ ዙሩ። ድምፁ በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ መሆን አያስፈልገውም፤ በእጅ የተቀጠቀጠ ነገር ነውና። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ «ዝዝዝ» የሚል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ከሰማችሁት ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ገመዱ የሚያልፍባቸውን ሁለት ቀዳዳዎችና ጠርዙ የታጠፈበትን መስመር በእጅ ባትሪ እዩ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ፊቱ ላይ ያለው የመዶሻ ጠባሳ፣ ትንሽ መዛነፍ፣ የቀለም መለያየት አያስጨንቃችሁ። እንደ መስታወት ለስልሶ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ጎንግ ካያችሁ ያኔ ተጠራጠሩ።

ባለ ጉብታ ከሆነ ተጨማሪ ፈተና አለ። ጉብታውን በለስላሳ መምቻ አንዴ ምቱና ድምፁ እስኪጠፋ ዝም ብላችሁ ስሙ። ቃናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታወቅ አለበት።

3. በሥርዓቱ ስቀሉት

እዚህ ላይ ቸኩሎ ጎንግ ያልጎዳ የለም። 1 ሜትር ስፋት ያለው ታም-ታም ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እግር ላይ ሲወድቅ አስቡት።

ገመዱ የናይለን ወይም ሌላ ጠንካራ የተጎነጎነ ገመድ ይሁን። ሰንሰለትና ሽቦ አትጠቀሙ፤ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ ያንጫጫል፣ ቀዳዳውን ይበላል። ገመዱን ከኋላ ወደ ፊት ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉና ቋጠሮው ከጀርባ ይቅር፤ ፊት ለፊት ከሆነ መምቻው ይነካዋል። ከሁለቱ ቀዳዳዎች የሚወጣው ገመድ እኩል ርዝመት ይኑረው። አንዱ ካጠረ ጎንጉ ያዘነብላል፣ በመታችሁት ቁጥር ይዞራል።

መስቀያው ከጎንጉ ስፋት በየጎኑ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይትረፍ። ጎንጉ ሲወዛወዝ ከእንጨቱ ወይም ከቧንቧው ጋር ከተጋጨ ጠርዙ ይሰነጠቃል። እግሮቹ ሰፋ ያሉ ይሁኑ። ከፍታውን ደግሞ በራሳችሁ ቁመት ለኩ፤ የጎንጉ መሃል ወገባችሁና ደረታችሁ መካከል ቢውል ክንዳችሁ ሳይነሳ ትመታላችሁ፣ ጉልበታችሁንም ለማፈን ትጠቀሙበታላችሁ።

ገመድ ያልቃል። ቀዳዳው ጋ ጸጉር ማውጣት ሲጀምር ቀይሩት። እኔ አንድ ጊዜ «ለዛሬ ይበቃል» ብዬ ነበር፤ ልምምዱ መሃል ላይ ተበጠሰ። እድል ሆኖ ከሥሩ ምንጣፍ ነበር።

4. መምቻውን ምረጡ

ሕጉ አጭር ነው፤ ትልቅ ጎንግ ከባድና ለስላሳ መምቻ፣ ትንሽ ጎንግ ቀላልና ጠንከር ያለ። ከባዱ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣዋል። ቀላል መምቻ ትልቁን ጎንግ ፊቱን ብቻ ይቧጭረዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይጮኻል፣ ሆዱ ግን አይነቃም። ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ለሆነ ታም-ታም ራሱ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሆነ፣ በሱፍ ክር ወይም በበግ ጸጉር የተሸፈነ መምቻ ፈልጉ።

ለዳሉዎ ትንሽ በጨርቅ የተጠቀለለ ዱላ ይበቃል። ሺያውሉዎ የሚመታው ግን በቀጭን ዝርግ እንጨት ጠርዝ ነው፤ ጨርቅ ከለበሰ ያ ጥያቄ የሚመስለው ድምፅ ይጠፋል። ኩሊንታንግ ሁለት ቀለል ያሉ ለስላሳ እንጨቶች ይፈልጋል። ጎንግ አገንግ ክብ፣ ወፍራም፣ በደንብ የተጠቀለለ መምቻ። ለክዌንግጓሪ ትንሽ ጠንካራ ራስ ያለው።

የከበሮ ዱላ? ለታም-ታም በፍጹም። ከኔ ተማሩ።

5. መምታት

ከታም-ታም እንጀምር፣ የሚያስቸግረው እሱ ነውና።

ከጎንጉ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ቁሙ። መምቻውን ዘና ብላችሁ ያዙ። አሁን ድምፅ እንዳይሰማ አድርጋችሁ መሃሉ አካባቢ በጣም በቀስታ ንኩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ይህ ማሞቅ ነው። እጃችሁን ጠርዙ ላይ ሳትጫኑ ብታሳርፉ ነሐሱ መንዘር መጀመሩ ይታወቃችኋል፣ እንደምትተኛ ድመት ሆድ። ቀዝቃዛ ጎንግ፣ ማለትም ያልነዘረ ጎንግ፣ ድንገት ሲመታ መጀመሪያ «ጧ» ይላል፣ ድምፁም ዘግይቶ ይመጣል። የሞቀው ግን ወዲያው ይከፈታል። ኦርኬስትራ ውስጥ ያለ ተጫዋች ከትልቁ ምት በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነካካው የምታዩት ለዚህ ነው፤ ወገቡን እያሟሟቀ አይደለም።

አሁን ምቱት። ትክክለኛ መሃሉን አይደለም። ከመሃሉ ጥቂት ዝቅና ወደ ጎን ያለ ቦታ ፈልጉ። መሃል ላይ ብቻ ከተመታ ድምፁ ደረቅ ይሆናል፤ ዳር ላይ ከተመታ ደግሞ ቀጭኑ ብቻ ያፏጫል። እያንዳንዱ ታም-ታም የሚወደው ቦታ አለው። በለስላሳ ምት በጣት ስፋት እየተንቀሳቀሳችሁ ፈልጉትና ከጀርባው በጠመኔ ነጥብ አድርጉበት። መምቻው ቀጥ ብሎ ገብቶ አይቁም፤ ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ነክቶ ይውጣ። ከነካ በኋላ ፊቱ ላይ የቀረ መምቻ ድምፁን ራሱ ያፍነዋል።

ከመታችሁ በኋላ ጠብቁ። የታም-ታም ድምፅ የሚያድገው ከምቱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ወፍራሙ ንዝረት ይነሳል፤ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ወደ ፈጣኖቹ ንዝረቶች ይፈስሳል፣ ያን ጊዜ ነው ያ የፏፏቴ ድምፅ የሚመጣው። ትልቅ ከሆነ አንድ ሁለት ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ጀማሪ «አልጮኸም» ብሎ እንደገና ይመታል፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ላይ ይመጡበታል። ሙዚቃው ውስጥ ጩኸቱ በአንድ የተወሰነ ምት ላይ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ አሙቁት፣ ወይም ቀደም ብላችሁ ምቱት።

ክንዳችሁን እስከ ጆሯችሁ አትስቀሉ። ይህ ከፊልም የመጣ ልማድ ነው። ራንክ የሚባለው የእንግሊዝ ፊልም ድርጅት ምልክቱ ጡንቻማ ሰው ግዙፍ ጎንግ ሲመታ ነበር፤ ያ ግዙፍ ጎንግ ግን ነሐስ አልነበረም፣ ለማስመሰል የተሠራ ነው። የምንሰማውን ድምፅ የሰጠው ጄምስ ብሌድስ የተባለ ሙዚቀኛ ሲሆን የመታውም ከዚያ እጅግ የሚያንስ የቻይና ታም-ታም ነው። ትከሻ ሙሉ ኃይል የሚታይ ነገር ነው እንጂ የሚሰማ አይደለም።

ባለ ጉብታው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ጉብታውን፣ ልክ ጉብታውን ምቱ። ማሞቅ የሚፈልገው ትልቁ ብቻ ነው፤ ጎንግ አገንግንም ቢሆን በቀስታ መነካካት ይበቃዋል። መምቻው እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለስ። ኩሊንታንግና ኮንግ ዎንግ ላይ ከትከሻ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው የሚመታው። ጉብታውን ስታችሁ ጎኑን ከመታችሁ ጎንጉ ራሱ ይነግራችኋል፤ «ቃ» ይላል።

ትንሹን የኦፔራ ጎንግ የምትይዙበት መንገድ ከምቱ እኩል ነው። ሺያውሉዎ ገመድ የለውም። የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ከውስጥ በኩል ጠርዙን ይደግፉታል፣ ከዚያ በላይ አትጨብጡት። መሃሉን ነው የምትመቱት። ዳሉዎን ግን በገመዱ አንጠልጥላችሁ ያዙና እንዲሁ መሃሉን። ክዌንግጓሪ ላይ የግራ እጅ ጣቶች ከጀርባ እየነኩና እየለቀቁ ይጫወታሉ፤ ግማሹ ምት የሚሠራው በዚያ እጅ ነው።

ጆሯችሁንም አትርሱ። ትልቅ ታም-ታም በሙሉ ኃይሉ ሲከፈት ከአጠገቡ ረጅም ጊዜ መቆም ጆሮን ይጎዳል። ልምምድ ላይ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ።

6. ማፈን

ስለ መምታት የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ማቆም ግን ማንም አይነግራችሁም። የሙዚቃው ዝምታ የሚመጣው ግን ከዚህ ነው።

ታም-ታምን በአንድ እጅ ይዛችሁ አይቆምላችሁም። ሁለት እጃችሁን ጠርዙ ላይ አድርጉ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። ጉልበታችሁን ወይም ጭናችሁን ከታች አስጠጉ። ድንገት ከመጨበጥ ይልቅ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ መዳፍ፣ ከዚያ ገላ እያላችሁ አስጠጉት። ድንገት ከነካችሁት ይንጫጫል፤ በተለይ ቀለበትና ሰዓት ካደረጋችሁ። አውልቋቸው።

ባለ ጉብታው ቀላል ነው፤ መዳፍን ጉብታው ላይ ወይም አጠገቡ ማሳረፍ። በጃቫ ኬምፑልን፣ ማለትም ከጎንግ አገንግ የሚያንሰውን የተሰቀለ ጎንግ፣ የሚመታ ሰው በግራ እጁ ጎንጉን እየያዘ እያንዳንዱን ድምፅ በጊዜው ይዘጋዋል። ድምፁ የሚያልቅበትን ቦታ እንደ ምቱ ቁጠሩት።

7. ሌላ ድምፅ ከፈለጋችሁ

የድርብ ባስ ቀስት ካላችሁ በሮዚን፣ ማለትም በቀስት ሙጫ፣ ቀቡትና የታም-ታሙን ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ሳቡበት። ይጮኻል፣ ያቃስታል። ዱላ ላይ የተሰካ የጎማ ኳስም ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲጎተት የዓሣ ነባሪ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ትንሽ ጎንግ መትታችሁ ወዲያው ግማሹን ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ቃናው እየወፈረ ይወርዳል። ልጆች ይወዱታል። ከዚያ በደንብ አድርቁት።

8. ባለ ጉብታውን መቃኘት

ይህን የምትሠሩት ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚሄድ የጎንግ ስብስብ ካላችሁ ብቻ ነው። ብልሃቱ የታይላንድ ነው፤ ሰም ከእርሳስ ፍርፋሪ ጋር ተደባልቆ ከጉብታው ሥር፣ ከውስጥ በኩል ይለጠፋል። እርሳስ ያልኩት የሚጻፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው። ክብደት ሲጨመር ቃናው ይወርዳል፣ ሲቀነስ ይወጣል። መጀመሪያ የአተር ፍሬ በምታህል ጀምሩ፣ ምቱ፣ ስሙ፣ ጨምሩ። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ሰሙን ብቻ ተጠቀሙ፣ ለትንሽ ልዩነት ይበቃል። ሞረድና መሮ ግን አታንሱ። የተፋቀ ነሐስ አይመለስም።

9. አያያዝ

የጣት አሻራ ነሐስ ላይ ይቀራል፤ ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከተጫወታችሁ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ከቆሸሸ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ሽቦ፣ አሸዋነት ያለው ዱቄት፣ የብረት ማጽጃ ኬሚካል አይነካው። የታም-ታሙን ጥቁር መሃል «ላብራው» ብሎ የፈተገ ሰው አውቃለሁ። እስኪያበራ ፈተገው፣ ልባሱን ጨረሰው፣ የጎንጉ መልክ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስታጓጉዙ በወፍራም ቦርሳ አድርጋችሁ በጠርዙ አቁሙት። አጋድማችሁ ሌላ ዕቃ አትጫኑበት። በብርድ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ጎንግ ከሆነ አውጥታችሁ ወዲያው አትምቱት፤ ክፍሉን እስኪመስል ጠብቁ።

ስንጥቅ ካገኛችሁ መምታት አቁሙ። ትንሽ ከሆነ ባለሙያ የስንጥቁን ጫፍ ፈልጎ እዚያ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ ክቡ ላይ ሲደርስ የሚቀጥልበት ሹል ጫፍ ያጣል። መበየድ ግን አይሞከርም። የብየዳው ሙቀት በውኃ የተነከረውን ነሐስ ያበላሸዋል፤ ቀዝቀዝ ሲል ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፈታል። የተበሳው ጎንግ ድምፁ ጥቂት ይቀየራል፤ ቀዳዳው ካለበት ጎን ራቅ ብላችሁ አዲሱን ቦታ በለስላሳ ምት ፈልጉለትና የጠመኔዋን ነጥብ እዚያ አዙሯት።